ገና ያመጣው ይቅርታ፦ «ሆሊዴይ ኢን ሃንድከፍስ» እና ለሁለት የተከፈለው ተመልካቹ

አንዲት የምግብ ቤት አስተናጋጅ አንድ ደንበኛዋን በሽጉጥ አስገድዳ ወላጆቿ ገናን ወደሚያከብሩበት፣ ከከተማ ራቅ ወዳለ ቤት ይዛው ትሄዳለች። ገንዘብ አልፈለገችም፤ የምትበቀለው ቂምም የላትም። ለበዓሉ የወንድ ጓደኛዋን ይዛ እንደምትመጣ ለቤተሰቧ ነግራ ነበር፤ ሰውየው ግን መንገድ ሊጀምሩ ሲሉ ትቷት ሄደ። ብቻዋን ወላጆቿ ፊት ከመቆም ሰው ማገት ቀለላት። ኤቢሲ ፋሚሊ የተባለው የአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2007 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው «ሆሊዴይ ኢን ሃንድከፍስ» (በዓል በካቴና) ታሪኩን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዚያ ምሽት 6.7 ሚሊዮን ገደማ ሰው አይቶታል፤ ለጣቢያው ትልቅ ቁጥር ነበር።

ፊልሙ ከወጣ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ተመልካቹ ዛሬም አልተስማማበትም። አንዱ ወገን ዲሴምበር በመጣ ቁጥር ካላየው በዓሉ በዓል የማይመስለው ነው። ተዋናዮቹን ይወዳቸዋል፤ ቤተሰቡ የራሱን ቤተሰብ ያስታውሰዋል፤ «የገና ተረት ነው፣ ለምን ታከብዱታላችሁ?» ይላል። ሌላው ወገን ግማሹን እንኳ ሳያይ ይዘጋዋል። ጥያቄውም አንድ ነው፦ ወንዱ ሴቷን በሽጉጥ አስገድዶ ወስዷት ቢሆን ኖሮ ማን ይስቅ ነበር? እኔ ክርክሩን የማየው ሁለቱም ወገኖች እውነት እንደያዙ አድርጌ ነው። ፊልሙ ውስጥ ሁለት ታሪኮች አሉ፤ አንዱ ስለ ቤተሰብ፣ ሌላው ስለ ፍቅር። ወዳጆቹ የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ነው፤ ነቃፊዎቹም ስለ ሁለተኛው። የመጀመሪያው ጥሩ ነው። ሁለተኛው ግን ያልሠራበትን ይቅርታ ይወስዳል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ትሩዲ ቻንድለር ሠዓሊ መሆን የምትፈልግ፣ ለጊዜው ግን በአስተናጋጅነት የምትኖር ሴት ናት። ወላጆቿ ከልጆቻቸው ብዙ የሚጠብቁ፣ የሚጠብቁትንም ከመናገር የማይቆጠቡ ናቸው። የሥራ ቃለ መጠይቋ የተበላሸባት፣ ፍቅረኛዋም የተለያት በአንድ ሰሞን ነው። በዚህ መሀል ዴቪድ ማርቲን የሚባል፣ ለሴት ጓደኛው የጋብቻ ጥያቄ ሊያቀርብ የተዘጋጀ ሀብታም ወጣት ምግብ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ታገኘዋለች። በሽጉጥ አስገድዳ ትወስደውና ኒክ በሚለው የቀድሞ ፍቅረኛዋ ስም ለቤተሰቧ ታስተዋውቀዋለች። ዴቪድ ደጋግሞ ለማምለጥ ይሞክራል፤ አይሳካለትም። ቀስ በቀስ ቤተሰቡን፣ በኋላም ትሩዲን ራሷን ይወዳል። የት እንደሚያበቃ ለመገመት የዚህን ዓይነት ፊልም አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ፊልሙን ለመመዘን ለየት ያለ የቴሌቪዥን ሥራ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጣቢያው ከ1996 ጀምሮ «የገና 25 ቀናት» በሚለው ዝግጅቱ ከዲሴምበር 1 እስከ 25 የበዓል ፊልሞችን በተከታታይ ያሳይ ነበር። እንዲህ ያለ ፊልም የሚጻፈው ለሲኒማ አዳራሽ አይደለም። ዘጠና ደቂቃ ገደማ የሚሆነው ታሪክ በማስታወቂያ እየተቆራረጠ ለሁለት ሰዓት ይሠራጫል። ተመልካቹ ሪሞቱን እጁ ላይ ይዟል፤ ግማሹ ስጦታ እየጠቀለለ፣ ግማሹ ወጥ ቤት ደርሶ እየተመለሰ ነው የሚያየው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ በፊት ልብ የሚያንጠለጥል ነገር መኖር አለበት። የእገታ ታሪክ ይህን ችግር በቀላሉ ይፈታል። «ያመልጥ ይሆን? ቤተሰቡ ይነቃ ይሆን? ፖሊስ ይደርስ ይሆን?» የሚሉት ጥያቄዎች ሰውን ከወንበሩ አያስነሱም። ደራሲዋ ሣራ ኤንድስሊ ሽጉጡን ያመጣችው ለድፍረት ብቻ ሳይሆን ለቅርጹም ስለሚመች ይመስለኛል። ቅርጹን የጠቀመው ሽጉጥ ግን ገጸ ባሕርያቱ ላይ ዕዳ ጥሏል፤ ያንን ዕዳ ፊልሙ መክፈል ነበረበት።

ትወናው ከአማካይ የቴሌቪዥን የገና ፊልም ከፍ ይላል። ሜሊሳ ጆን ሃርት «ሳብሪና» በተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ከ1996 እስከ 2003 ወጣቷን ጠንቋይ ሆና በመጫወት የታወቀች ናት፤ ሰው የሚወደውን ፊቷን እዚህ ለአደገኛ ሰው አውሳዋለች። ትሩዲን እንደ ክፉ ሳይሆን ጭንቀቷ ከአቅሟ በላይ እንደሆነባት ሴት አድርጋ ታሳያለች፤ ንግግሯ ይጣደፋል፣ ዓይኗ አያርፍም። ማሪዮ ሎፔዝ ደግሞ ታጋቹን በትዕግሥት ይጫወተዋል። ቁጣውን ሳያጋንን፣ ትክክል መሆኑን እያወቀ ሰሚ ያጣ ሰው ምን እንደሚመስል ያሳየናል። አዘጋጁ ሮን አንደርውድ «ትሬመርስ» እና «ሲቲ ስሊከርስ» የተባሉትን ፊልሞች የሠራ ሰው ነው፤ የቀልድ ፍጥነት ያውቃል። አያትየውን የምትጫወተው ጁን ሎክሃርት በ1938 «ኤ ክሪስማስ ካሮል» ፊልም ውስጥ ከእውነተኛ ወላጆቿ ጋር በልጅነቷ የታየች ተዋናይ ነበረች። ከ69 ዓመት በኋላ በሌላ የገና ማዕድ ላይ በዕድሜ ትልቋ ሆና ስትቀመጥ የበዓል ፊልም ትውፊትን ይዛ ነው የመጣችው።

የፊልሙ ምርጥ ሐሳብ ያለው ዴቪድ መታገቱን ለቤተሰቡ በሚናገርበት ቦታ ነው። እውነቱን በግልጽ ቋንቋ ይነግራቸዋል፤ እነሱ ግን እንደ ቀልድ ይወስዱታል። ትዕይንቱ ያስቃል፤ የሚያስቅበት ምክንያት ግን ከባድ ነው። በዚያ ቤት እውነት የሚናገር ሰው የተለመደ አይደለም። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ የትሩዲ እህት ኬቲ የሕግ ትምህርቷን ትታ የፒላተስ ስፖርት ቤት እንደከፈተች፣ ወንድሟ ጄክም ግብረ ሰዶማዊ እንደሆነ ይወጣል። ሁሉም ልጆች ለበዓሉ ቤት ያመጡት ወላጆቻቸው እንዲያዩት የሚፈልጉትን ሰው ነው። ኬቲ ጠበቃዋን ኬቲ አምጥታለች፤ ጄክ ቤተሰቡ የለመደውን ጄክ አምጥቷል፤ ትሩዲ ደግሞ ሐሰተኛ ኒክን አምጥታለች። ልዩነታቸው የትሩዲ ውሸት ሥጋና ደም ያለው፣ ሊያመልጥም የሚፈልግ ሰው መሆኑ ብቻ ነው። ማዕዱን ከበው ከተቀመጡት መካከል እውነቱን የሚናገረው የታገተው ሰው ነው፤ የማይታመነውም እሱ ነው።

ፊልሙን በየዓመቱ የሚያዩ ሰዎች የሚወዱት ይህንን ይመስለኛል፤ ባያብራሩትም ያውቁታል። በዓል ሲደርስ ወደ ወላጅ ቤት የሚወስደው መንገድ ለብዙ ሰው የፈተና መንገድ ነው። ሥራ ይዘሃል ወይ? አገባሽ ወይ? ያ ትምህርት የት ደረሰ? ጥያቄው ከፍቅር ሊመነጭ ይችላል፤ ለተጠያቂው ግን ፍርድ ሆኖ ይሰማዋል። ትሩዲ ከፖሊስ ይልቅ እናቷንና አባቷን ትፈራለች፤ ለዚህች ሴት እስር ቤት ከወላጅ ትዝብት ይቀላል። ይህን ፍርሃት ብዙ የገና ፊልሞች ይሸሹታል። ሆልማርክ በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዘይቤ የተሠሩት ብዙዎቹ ፊልሞች የትውልድ ቀዬን የሚያሳዩት የደከመችን ሴት ከከተማ ሕይወት የሚያድናት ቦታ አድርገው ነው። «ሆሊዴይ ኢን ሃንድከፍስ» ግን ቤተሰብ ራሱ ሰውን ሊያሳብድ እንደሚችል ይደፍርና ይናገራል፤ ምስጢሮቹ ሲወጡም ቤቱ አይፈርስም። ይህ በእውነት የተገኘ ደስታ ነው።

የፍቅር ታሪኩ ግን ይህን ሐቀኝነት አልወረሰም። ዴቪድ ነፃነቱን፣ ስሙን፣ ለትዳር ሊጠይቃት የነበረች ሴት ፊት መቆም የነበረበትን ቀን ተነጥቋል። ፊልሙ ይህን ኪሳራ አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ብሎ አያሰላውም። የሴት ጓደኛው ጄሲካ ሰው ጠፍቶባት ፖሊስ የጠራች ሴት ናት፤ ካሜራው ግን ለጭንቀቷ ጊዜ አይሰጥም፤ መንገድ ላይ የቆመች እንቅፋት ያደርጋታል። ፖሊስ ቤቱን ሲወርም ወዲያው ወደ ሳቅ እንመለሳለን። ትሩዲ ዴቪድ ፊት ቆማ «የወሰድኩብህ ይህ ነው» ብላ በስሙ የምትጠራው በደል የለም። ፍቅሩ ሲመጣ በደሉ አብሮ እንደተሰረዘ ይቆጠራል።

ነቃፊ ተመልካቾች «ወንድ ቢሆን ማንም አይሠራውም ነበር» ሲሉ በታሪክ በኩል ልክ አይደሉም። በ1954 የወጣው «ሰቨን ብራይድስ ፎር ሰቨን ብራዘርስ» የተባለው የሙዚቃ ፊልም ወንድማማቾች ሴቶችን አፍነው ወስደው በኋላ የሚጋቡበት ታሪክ ነው። ከዚያም በላይ በ1998 ቪንሰንት ጋሎ «ባፋሎ 66» በሚለው ፊልሙ ይህንኑ ሐሳብ በወንድ በኩል ሠርቶታል፤ ከእስር የተፈታ ሰው አንዲት ወጣት አግቶ ለወላጆቹ ሚስቴ ናት ይላቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ተሠርቶ ያውቃል ወይ?» አይደለም፤ «እንዴት ተሠራ?» ነው። «ባፋሎ 66» የጀግናውን ጭካኔና ቁስል ፊት ለፊት ያስቀምጣል፤ ተመልካቹ እንዳይመቸው አድርጎ ነው የሚያስተላልፈው። «ሆሊዴይ ኢን ሃንድከፍስ» ሽጉጡን ጌጥ ያደርገዋል። ጾታ መለዋወጡ የሚያጋልጠው ይህንን ቅለት ነው፤ ነቃፊዎቹም በዚህ አልተሳሳቱም።

ከ1995ቱ «ዋይል ዩ ወር ስሊፒንግ» ፊልም ጋር ማነጻጸሩ ጉድለቱን ይበልጥ ያሳያል። እዚያም አንዲት ብቸኛ ሴት በገና ሰሞን የማያውቃትን ቤተሰብ ትዋሻለች፤ ራሱን የሳተ ሰው እጮኛ እንደሆነች እንዲያምኑ ትተዋቸዋለች። ነገር ግን ሙሽራ ሆና በቆመችበት፣ ቤተሰቡ በሙሉ እየሰማ፣ ሁሉንም ልታጣ እንደምትችል እያወቀች እውነቱን ትናገራለች። ፍቅሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ኑዛዜ፣ ቀጥሎ ኪሳራ፣ በመጨረሻ ምሕረት። ለቀላል ኮሜዲም ቢሆን ይህ ቅደም ተከተል የሞራል አጥንቱ ነው።

ለአማርኛ ተመልካች ነገሩ ሌላም ክብደት አለው። ጠለፋን የምናውቀው ከሕይወት ነው። በኢትዮጵያ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም ብሏል፤ ቅጣቱንም ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አድርጎታል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም ያሳየው ያ የቀድሞው ዘመን ምን ያህል ሕይወት እንዳስከፈለ ነው። የአሜሪካውን ቀልድ ከዚህ መከራ ጋር እኩል ማድረግ አግባብ አይደለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ የተለመደ ክርክር ግን አለ፦ መጨረሻው ፍቅር ከሆነ መጀመሪያው ይረሳል የሚለው። «በኋላ ትወደዋለች» እየተባለ ስንቷ ልጅ ዝም እንድትል ተደርጋለች። ይህን ክርክር ወዳጅ በሆነ ፊት፣ በመብራትና በበረዶ አጊጦ ስናየው የሚቆረቁረን ቢኖር ስሜቱ ልክ ነው፤ ጣዕም ማጣትም ሆነ ቀልድ አለማወቅ አይደለም።

ታዲያ ፊልሙን ማየት ይገባል ወይ? አዎን፣ ለቻንድለር ቤተሰብ ሲባል። በማዕድ ዙሪያ የሚወጡት ምስጢሮች፣ የእናትና የአባት መደናገጥ፣ ልጆቹ እንደ ራሳቸው ለመታየት የሚከፍሉት ድፍረት የበዓል ኮሜዲ ሊያደርገው የሚችለውን በሚገባ አድርገዋል። የፍቅሩን ክፍል ግን እየተከራከሩ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ትዕይንት ብቻ ቢጨመር፣ ትሩዲ ያለ ምንም ሰበብ በደሏን ስታምን፣ ዴቪድም ይቅር ለማለትም ሆነ ላለማለት ነፃ ሆኖ ሲቆም ብናይ፣ ሁለቱ የተመልካች ጎራዎች በአንድ ሶፋ ላይ ሊቀመጡ ይችሉ ነበር።

የገና ፊልም ዋና ተስፋው ይቅርታ ነው፤ ሰው ቢሳሳትም ወደ ቤቱ ይመለሳል ይለናል። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ስለዚህም በርካሽ መሰጠት የለበትም። ይቅርታ የበዳይ የበዓል ስጦታ አይደለም፤ የተበዳይ መብት ነው። ፊልሙን አቋርጠው የሚዘጉት ተመልካቾች በዓሉን የሚጠሉ ተደርገው ይታያሉ። እኔ እንደማየው የገና ፊልም የገባውን ቃል ከልባቸው ይዘውታል፤ ቃሉን እንዲያከብር መጠየቃቸውም ተገቢ ነው።