የአንድ ሰው ብልጫ ለምን ከንቱ ይሆናል?
(በጥር 2005 ዓ.ም. በተደረጉ ሁለት የብሔራዊ ቡድናችን ጨዋታዎች ላይ የቀረበ ሂስ)

በእግር ኳስ ሜዳ አንድ ተጫዋች በቀይ ካርድ ሲወጣ ተመልካቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰጣል፤ «አበቃላቸው» ይላል። ዐሥራ አንድ ከዐሥር ይበልጣልና ፍርዱ ከሒሳብ የተገኘ ይመስላል። ነገር ግን ሒሳቡ እንዳለው ሳይሆን የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህም ምስክር የሚሆኑን ሁለት ጨዋታዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ ሜዳ ላይ ተደርገዋል፤ በሁለቱም የተካፈለው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ነው። በመጀመሪያው ጎዶሎዎቹ እኛ ነበርን፤ በሁለተኛው ብልጫው የእኛ ነበር። በመጀመሪያው ተመሰገንን፤ በሁለተኛው አፈርን። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ የሆነውን ላስታውስ። ኢትዮጵያ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ከወሎ ሰፈር ብዙ በማይርቀው በአዲስ አበባ ስታዲዮም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ በካርቱም 5 ለ 3 ተሸንፋ ስለ ነበር የሁለቱ ድምር እኩል ሆኖ፣ ከሜዳዋ ውጭ ባገባቻቸው ግቦች ብልጫ አለፈች። በዚህም ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። የመጀመሪያው ግጥሚያ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ በኔልስፕሩት ከተማ፣ በምቦምቤላ ስታዲዮም ተደረገ። ተጋጣሚያችን በጊዜው የዋንጫው ባለቤት የነበረችው ዛምቢያ ናት። ሳላዲን ሰኢድ የመታውን የፍፁም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነው፤ ጥቂት ቆይቶም የእኛ በረኛ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዕረፍት ሊሆን ሲል ኮሊንስ ምቤሱማ ለዛምቢያ አገባ። ከዕረፍት መልስ ግን አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ አቻ አደረገን፤ ጨዋታውም 1 ለ 1 አለቀ።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ጥር 17 ቀን፣ በዚያው ሜዳ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ተገናኘን። አለን ትራኦሬ በ34ኛው ደቂቃ ላይ አገባብን። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን የቡርኪና ፋሶው በረኛ አብዱላይ ሱላማ ከክልሉ ውጭ ኳስ በእጁ በመንካቱ በቀይ ካርድ ወጣ። ውጤቱ ገና 1 ለ 0 ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቷል፤ ተጋጣሚያችን ዐሥር ሰው ብቻ አለው። ከዚያ ወዲያ ግን ሦስት ግቦች ተቆጠሩ፤ ሦስቱም የእነርሱ ናቸው። ትራኦሬ በ74ኛው፣ ጃካሪጃ ኮኔ በ79ኛው ደቂቃ አገቡ፤ ጆናታን ፒትሮይፓ ደግሞ በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 0 አደረገው። በሦስተኛው ጨዋታችን ከናይጄሪያ ጋር የእኛ በረኛ ሲሳይ ባንጫም በቀይ ካርድ ወጥቷል፤ ሆኖም የወጣው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በመሆኑ ለምርመራችን አይጠቅምምና እተወዋለሁ።

ስለ አራቱ ግቦች በየቡና ቤቱ የተሰጡት ምክንያቶች ዕድልና የጉልበት ማነስ ናቸው። ዕድል አንድ ግብ ሊያስገባ ይችላል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በዐሥር ሰው ሦስት ግብ ማስገባትን ግን ዕድል ብሎ ማለፍ ምርመራን መሸሽ ነው። የጉልበት ነገር ከዚህ ይሻላል። ከአራት ቀን በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል በጎዶሎ የሮጠ ቡድን ቢደክም አይፈረድበትም። ነገር ግን ድካም ግብ ሳናገባ መቅረታችንን ያስረዳ እንደ ሆነ እንጂ፣ ከበስተኋላችን ያለው ሜዳ ለምን ባዶ እንደ ተተወ አያስረዳም። እንዲያውም የደከመ ቡድን ብልጫ ሲያገኝ ኳሱን ማስሮጥና ራሱ ማረፍ ይገባዋል። ስለዚህ ምክንያቱን ከእግር ይልቅ ከአሰላለፍ ላይ መፈለግ ያለብን ይመስለኛል።

የእኔ አስተያየት በአጭሩ ይህ ነው፤ የአንድ ሰው ብልጫ በሜዳው ሁሉ ላይ አይቆጠርም፤ የሚቆጠርበትን ቦታ የሚመርጠውም ጎዶሎው ቡድን ነው። ይህን በቁጥር ላሳይ። ትልልቅ ውድድሮች የሚደረጉበት ሜዳ ርዝመቱ 105፣ ወርዱ 68 ሜትር ሲሆን ስፋቱ 7,140 ካሬ ሜትር ይሆናል። በረኛውን ትተን ለዐሥር ተጫዋቾች ብናካፍለው ለእያንዳንዱ 714 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል፤ ለዘጠኝ ብናካፍለው 793 ይሆናል። ዘጠኙ ሜዳውን ሁሉ እንጠብቅ ቢሉ በእርግጥ ይጎዳሉ። ግን ማን አስገድዷቸው? ወደ ኋላ ተስበው ከግባቸው ፊት 35 ሜትር ርዝመትና 40 ሜትር ወርድ ያለውን ቦታ ብቻ ቢጠብቁ፣ የሚጠብቁት 1,400 ካሬ ሜትር ነው፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰውም 156 ያህል ብቻ ይሆናል። ዐሥር ሆነው ሜዳውን ሁሉ ከሚጠብቁ ሰዎች ይልቅ ዘጠኝ ሆነው ይህን የሚጠብቁት ከአራት እጥፍ በላይ ተጠጋግተዋል ማለት ነው። ብልጫ ያለው ቡድን ተግተልትሎ ወደዚህ ጠባብ ቦታ የገባ እንደ ሆነ፣ ትርፉ ሰው ለራሱ ወገን መሰናክል ይሆናል፤ ከኋላው ደግሞ ከ5,700 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሜዳ ባዶውን ተቀምጦ የሚሮጥበትን ይጠብቃል።

ይህን ለመረዳት ወደ ኔልስፕሩት መሄድ አያስፈልግም። በወሎ ሰፈር የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ልጆች ኳስ ለመጫወት ሲከፋፈሉ ቁጥራቸው እኩል አልሆን ያለ እንደ ሆነ፣ የተሻሉ ተጫዋቾች ያሉበት ወገን አንድ ሰው አጉድሎ ይጫወታል። መንገዱ ጠባብ፣ ግቡም ሁለት ድንጋይ ስለ ሆነ፣ ባለ ትርፉ ወገን ሁሉም ኳሱ ወዳለበት ሲጎርፍ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ጎዶሎዎቹ ግን አንዱን ግቡ ላይ፣ አንዱን ፊት አቁመው ኳሱ ሲያመልጥ ይጠብቃሉ። ልጆቹ ሕጉን በቃል አያውቁት ይሆናል፤ በእግራቸው ግን ያውቁታል።

በሌላው ዓለም ያለ አንድ ጨዋታ ደግሞ ይህንኑ በየዕለቱ ይፈትነዋል። በሰሜን አሜሪካ በሚወደደው የበረዶ ላይ ሆኪ፣ ጥፋት የሠራ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ደቂቃ ከሜዳ ይወጣና አምስት በአራት ይጫወታሉ፤ የብልጫውን ጊዜ «ፓወር ፕሌይ» ይሉታል። ሜዳቸው 61 በ26 ሜትር ብቻ ነው፤ ተጫዋቾቹም በሙያው የሚኖሩ ናቸው። ሆኖም በዋናው ሊጋቸው ግብ የሚገኝበት የብልጫ ጊዜ ከአምስቱ አንድ ያህል ነው። አራቱ ጎዶሎዎች በግባቸው ፊት እንደ አራት ማዕዘን ይቆማሉ፤ ጠርዙን ለባለ ብልጫው ይለቁለታል፤ መካከሉን ግን አይለቁም። አምስቱ በጠርዙ ላይ እየተቀባበሉ አራት ማዕዘኑን ሳያናጉት የቀሩ እንደ ሆነ ሁለቱ ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ የአገሩ አሰልጣኞች ይህን ጊዜ የሚመለከቱት እንደ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ የሚጫወቱትን ሰዎች ለይተው፣ የሚቆሙበትን ቦታ ወስነው ያለማምዷቸዋል።

አሁን ወደ ሁለቱ ጨዋታዎች እንመለስ። ዛምቢያ በብልጫዋ ያገኘችው ግብ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የተገኘው ከቀዩ ካርድ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች፣ ገና እኛ አሰላለፋችንን ሳናስተካክል ነው። በዕረፍት ጊዜ ተነጋግረን ቦታችንን ከመረጥን በኋላ ግን ሙሉ አርባ አምስት ደቂቃ ምንም አላገኘችም፤ ይልቁንም ገባባት። ከዚህ የምንማረው ብልጫ እጅግ የሚጠቅመው ጎዶሎው ቦታውን ሳይመርጥ በፊት መሆኑን ነው። እኛ በቡርኪና ፋሶ ላይ ያሳለፍነው ይህንኑ ጊዜ ነው። ከቀዩ ካርድ እስከ ሁለተኛው ግብ ድረስ ሩብ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ነበረን፤ በሜዳ የገባውም ቀድሞ በተጠባባቂነት የተቀመጠ በረኛ ነበር፤ ግብ ግን አላገኘንም። ከዚያ በኋላ የሆነው ወደ ፊት የተጣደፈ ቡድን የሚደርስበት ነው። የቡርኪና ፋሶ ሰዎች ደካሞች አልነበሩም፤ በዚያው ውድድር እስከ ፍጻሜው ደርሰው በናይጄሪያ 1 ለ 0 ተሸንፈዋል። ባዶ ሜዳ ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች መስጠት ከአንድ ሰው በላይ መስጠት ነው።

ሂሴን ወደ ራሳችን አጨዋወት ላዙር። እኛ ኢትዮጵያውያን ኳስን በቅርብ ርቀት መቀባበል እንወዳለን፤ በዚህም እንታወቃለን። ይህ ውበት ነው፤ ዛምቢያንም ያስጨነቃት ይኸው ነው። ነገር ግን ዐሥራ አንድ ሆነን በዐሥር ላይ ስንጫወት ውበቱ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎቻችን በአምስት ሜትር ርቀት የሚቀባበሉ ከሆነ አንድ ተከላካይ ለሁለቱም ይበቃል፤ ያገኘነውን ትርፍ ሰው በገዛ እጃችን መለስንላቸው ማለት ነው። ከላይ በሰጠሁት ቁጥር መሠረት 40 ሜትር ወርድ የሚጠብቅ ቡድን በግራና በቀኝ 14፣ 14 ሜትር ይለቃል። ትርፉ ሰው መቆም ያለበት እዚያ ነው፤ ኳሱም ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ ተከላካዮቹ ተሰብስበው ከመድረሳቸው በፊት መሻገር አለበት። ከኋላ ደግሞ የተጋጣሚው አጥቂ አንድ ቢሆን ሁለት ሰው ሊጠብቀው ይገባል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን ስለ ድሩ ብዛት አይናገርም፤ ስለ ማበሩ እንጂ። የተከማቸ ድር ደግሞ አንበሳ አያስርም፤ ልቃቂት ሆኖ ይቀራል።

«ሁለት ጨዋታ ሕግ አያወጣም» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ዛምቢያ ብልጫውን ያገኘችው በእኩል ውጤት ሳለች ነው፤ እኛ ግን ስንመራ ሳይሆን ስንመራበት ነበር፤ የሚመራበት ቡድን ደግሞ ይቸኩላል። የተጫዋቾቹም ችሎታ እኩል አይደለም። ሆኖም ይህ ሁሉ ጥያቄውን ያጠራዋል እንጂ አይሽረውም። የአገራችን የፕሪሚየር ሊግ ዳኞች ከየጨዋታው በኋላ ሪፖርት ይጽፋሉ፤ በሪፖርቱም ማን በስንተኛው ደቂቃ እንደ ወጣ ይመዘገባል። ከእኛ ተማሪዎች መካከል ጥቂቶች የአንድ የውድድር ዘመን መዝገብ ተቀብለን ሦስት ነገር ብቻ ብንቆጥር ትልቅ ሥራ ነው፤ ይኸውም ቀይ ካርዱ የታየበት ደቂቃ፣ በዚያች ጊዜ የነበረው ውጤት፣ ከዚያም በኋላ እያንዳንዱ ወገን ያገባው ግብ። በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች የሚገኘው ከቀረው ጊዜ የሚበልጥ ከሆነ አስተያየቴ ይጸናል፤ ካልሆነ ይወድቃል።

ይህ ነገር የጨዋታ ብቻ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ። በጥር 2005 ዓ.ም. በየቤቱና በየቡና ቤቱ ሆኖ የተመለከተው ሕዝብ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠበቀ ነበር። ያን ያህል የጠበቀ ሕዝብ ለሽንፈቱ ከ«ዕድላችን ነው» የተሻለ መልስ ይገባዋል። አሰልጣኞቻችንም በሳምንት ውስጥ አንዲቷን የልምምድ ሰዓት ዐሥራ አንድ በዐሥር ለመጫወት ቢያውሉ፣ ብልጫ በተገኘ ጊዜ ተጫዋቹ ወደ ግብ ከመጣደፉ በፊት «ሜዳውን የመረጠው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅን ይለምዳል።