ዱንጉዛን ከሩቅ መለየት
በቴሌቪዥን የባህል ጭፈራ ሲቀርብ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ልብሱ ላይ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ከተሰካካ ዱንጉዛ ነው፤ የጋሞ ልብስ። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ጉጌ ተራራ ላይ፣ የዶርዜ ሴቶች ጥጡን ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው ይሸምናሉ። ጥለቱ ከድርና ማጉ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። አስመስሎ የታተመም አለ፤ ገልበጥ ቢያደርጉት ጀርባው ፈዛዛ ነው።

ልብስን መለየት ለሚቀርጽ ሰውም ያስፈልጋል፤ ፊልም ሠሪዎች በልብስ ይሳሳታሉና። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው «ብሬቭሃርት» የ13ኛውን ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳውያን ያስታጠቃቸው ባለመስመር ሽርጥ የመጣው ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እነሱስ ዘመኑ ርቋቸው ይሆናል። ዱንጉዛን የሚቀርጽ የአዲስ አበባ ሰው ግን ቢሳሳት ምን ሰበብ አለው? የዶርዜ ሸማኔ ሽሮ ሜዳ ድረስ መጥቶለታል።