ቆጣሪው የማን ነው?

ነቀምቴ ውስጥ ክፍል የሚፈልግ ሰው ኪራዩን ከተነጋገረ በኋላ የሚጠይቀው ነገር «መብራቱስ እንዴት ነው?» የሚል ነው። መልሱ እንደየግቢው ይለያያል። አንዱ ግቢ በዕቃ ያስከፍላል፤ ለአምፖል ይህን ያህል፣ ለቴሌቪዥን ይህን ያህል፣ ለካውያ ይህን ያህል። ሌላው በወሩ መጨረሻ የመጣውን ሂሳብ ለተከራዩ ቁጥር ያካፍላል። ሦስተኛው «መብራትና ውኃ ኪራዩ ውስጥ ነው» ይልና ደንቡን ይደረድራል፤ ስቶቭ ክልክል ነው፣ ምጣድ አይታሰብም፣ ካውያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይጠፋል። ጊምቢም ሂዱ፣ ደምቢ ዶሎም ሂዱ፣ ሻምቡም ውጡ፣ ወሬው ያው ነው። አዲስ አበባስ ቢሆን መቼ ተለየና!

«አዴ፣ ነገ ፈተና አለኝ፣ ትንሽ ባመሽ ምናለ?»

«አምሽ ልጄ፣ እኔ መች ጠላሁ። ቆጣሪው ነው የሚሮጠው።»

ይህን የመሰለ ንግግር በቀልድ መልክ ስንሰማው ኖረናል። በሬዲዮ ድራማውም በመድረክ ቀልዱም አከራይዋ ምንጊዜም አንድ ዓይነት ናት። በመስኮት ታያለች፣ ውኃ ትለካለች፣ አምፖል ትቆጥራለች። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምለው ነገር ነበር። አንድ ገጸ ባሕርይ በየድርሰቱ ተመሳሳይ ክፋት ሲሠራ ካገኛችሁት፣ ምክንያቱን ከልቡ ሳይሆን ከቆመበት ቦታ ፈልጉ እላቸው ነበር። ለአከራይዋም ይሄው ይሠራል። እሷን እንተዋትና እሷ ዘወትር የምታየውን ነገር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቆጣሪ እንይ።

የመብራት ታሪፍ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ሲወጣ ሐሳቡ መልካም ነበር። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤተሰብ ድሀ ነው ተብሎ ስለታሰበ፣ የእሱ ዋጋ እንዳይነካ ተደረገ። ከዚያ በላይ የሚጠቀመው እንደ ፍጆታው በየደረጃው እየጨመረ እንዲከፍል ተወሰነ። ጭማሪው በ4 ዓመት ተከፋፍሎ ሲጠናቀቅ፣ የመጀመሪያው እርከን ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ሆኖ ቀረ፤ ከ200 እስከ 300 ያለው እርከን 2 ብር ደረሰ። ከሰባት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል የ4 ዓመት ማስተካከያ ተጀምሯል። ዋጋው ተቀይሯል፤ መሠረቱ ግን አልተቀየረም። ትንሽ የተጠቀመ በርካሽ፣ ብዙ የተጠቀመ በውድ።

ታዲያ ምኑ ላይ ነው ችግሩ? «ተጠቃሚ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ታሪፉ ተጠቃሚ ሲል የሚቆጥረው ሰው አይደለም፣ ቤተሰብም አይደለም፤ ቆጣሪ ነው። እንበልና በአንድ ግቢ አምስት ክፍሎች ተከራይተዋል። በአንዱ መምህር፣ በአንዱ ሁለት ተማሪዎች፣ በአንዱ ከነልጆቿ የምትኖር የጉልት ነጋዴ፣ በአንዱ ከገጠር ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ፣ በአንዱ የቀን ሠራተኛ። እያንዳንዳቸው በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጠቀሙ እንበል። አምስቱም በየራሳቸው ቢቆጠሩ አንዳቸውም ከድሀው እርከን አይወጡም። ቆጣሪው ግን አንድ ነው፤ 225 ብሎ ያነባል። መብራት ኃይል መዝገብ ላይ ያለው እንግዲህ አንድ ባለጸጋ ነው! ለድሀ ተብሎ የወጣው ዋጋ አምስቱን ድሆች በበራቸው አልፏቸው ይሄዳል። ግቢውን ብቻውን አጥሮ የሚኖር፣ በቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚገባ ባለቤት ግን ድጎማውን በስሙ ያገኛል።

አከራይዋ ለምን ፖሊስ እንደሆነች አሁን ይገባናል። ተከራይ በተጨመረ ቁጥር፣ ካውያ በተሰካ ቁጥር፣ የሚጨምረው የፍጆታው መጠን ብቻ አይደለም፤ ሂሳቡ የሚወድቅበት እርከንም ከፍ ይላል። የመጣውን ሂሳብ ለእያንዳንዱ በትክክል የምታካፍልበት መሣሪያ የላትም። ያላት ዓይኗና ማጥፊያው ነው። ሁሉም ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ሂሳቡን ሳያሳይ ደርቦ የሚሰበስብ፣ የራሱን ምጣድ በተከራዮቹ ኪስ የሚያሞቅ አከራይ ሞልቷል። እሱንም ቢሆን የጋረደለት ግን ይኸው አንድ ቆጣሪ ነው። ሂሳብ በሌለበት ቦታ ሌባውና ምስኪኑ አይለዩም።

የነገሩ ከባድ ክፍል ያለው ክረምቱ ላይ ነው። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የወለጋ ዝናብ ደግሞ ከጀመረ በቀላሉ አይለቅም። ሻምቡማ ከዚያም በላይ ትበርዳለች። የተከራይ ክፍል በአብዛኛው ቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤት ነው። በሐምሌ ሌሊት እዚያ ውስጥ ሕፃን ይዞ የሚያድር ሰው ሙቀት ያስፈልገዋል። እኛ ግን ኤሌክትሪክን «መብራት» ብለን ነው የጠራነው፤ አጠቃቀማችንም ከስሙ አላለፈም። ማብራት ይቻላል፣ ማሞቅና ማብሰል ግን እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። የታሪፉ 50 ኪሎ ዋት ሰዓትም የተቆረጠው በዚሁ ልክ ነው። 3 ኪሎ ዋት ተኩል የሚስብ ምጣድ በሳምንት 4 ሰዓት ቢሠራ፣ በአራት ሳምንት 56 ይደርሳል። እንጀራ የጋገረ ድሀ በታሪፉ ዓይን ድሀ መሆኑ ያበቃል።

ስለዚህ ተከራዩ ወደ ከሰል ይሄዳል። ማታ ቡና የተፈላበትን ምድጃ በር ዘግቶ ከአልጋው አጠገብ ያቆያል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድለዋል። በየክረምቱ «በከሰል ጭስ ታፍነው» የሚል ዜና እንሰማለን፤ «ምነው በሩን በከፈቱት» ብለን እናልፋለን። ምድጃውን ወደ ክፍሉ ያስገባው ምን እንደሆነ ግን አንጠይቅም። ከሰሉ የሚመጣው ደግሞ አገር ሁሉ በአረንጓዴነቱ ከሚያውቀው ከወለጋ ደን ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው የት ነው? እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኃይል በሚያመነጨው በፊንጫ አገር። የጮመን ረግረግ በውኃ የተዋጠው፣ ሰው ከእርሻውና ከግጦሹ የተነሣው ለዚያ ግድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አመርቲ ነሼ ተከተለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ኩራቱ ኩራታችን ነው። በቅርብ ዓመታት በነበረው ግጭት መስመር ተቋርጦ ረጅም ጊዜ በጨለማ የቆዩ የወለጋ ወረዳዎችን ችግር ለጊዜው እንተወው፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ነው። የእኔ ጥያቄ ሽቦው በራሱ ላይ ስለሚያልፍ፣ አምፖሉም ስለሚበራለት ሰው ነው። አባይ ተገድቦለት ሳለ በ4 ሰዓት ማጥፊያው የሚዘጋበት ተማሪ ስለ ግድቡ ምን ያስብ?

«ታዲያ የራሱን ቆጣሪ ለምን አያስገባም?» የሚል አይጠፋም። ቆጣሪ የሚገባው በቤቱ ባለቤት ስም ነው። ተከራይ ዛሬ አለ፣ ከዓመት በኋላ የለም። ለአንድ ግቢ ደግሞ አምስት ቆጣሪ ይግባ ቢባል ወረፋውን የሚያውቅ ይፍረድ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጋና ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ አንድ ቆጣሪ እየተጋራ ለድሀ የታሰበው ዋጋ ሲያመልጠው ኖሯል። በሀብታሟ አሜሪካም ቦታ ተከራይተው በተንቀሳቃሽ ቤት የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ብርሃኑም ማሞቂያውም የሚመጣላቸው በመሬቱ ባለቤት ዋና ቆጣሪ በኩል የሆነባቸው መንደሮች አሉ። የካሊፎርኒያ ሕግ ለእነዚህ የሚለው ግልጽ ነው፤ ባለመሬቱ ለነዋሪው ሲያከፋፍል፣ ነዋሪው በቀጥታ ከድርጅቱ ቢገዛ ኖሮ ከሚከፍለው በላይ አያስከፍልም። ሕጉ ከቆጣሪው ጀርባ ሰው እንዳለ ያውቃል ማለት ነው።

እኛስ ምን ይከብደናል? የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን የሚያዝ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ቁጥሩ 1320 ነው። ውሉ ከተጻፈና ከተመዘገበ፣ በአንድ ግቢ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር መንግሥት አወቀ ማለት ነው። በዚያ ግቢ ቆጣሪ ላይ የድሀው እርከን በቤተሰቡ ቁጥር ይባዛ። አምስት ቤተሰብ ካለ፣ ሃምሳው አምስት ጊዜ ይቆጠር። አከራይ ከዋናው በታች ለየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ ቢያስገባ ይበረታታ፤ የወሩ ሂሳብም ተከራዩ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ይህ ግድብ መገንባት አይጠይቅም። መዝገብና እርሳስ ነው የሚጠይቀው።

እስከዚያው ድረስ አከራይዋ በመስኮት ማየቷን አትተውም። እኛም በእሷ መሳቃችንን አንተውም ይሆናል። ቢያንስ ግን ስንስቅ፣ ለድሀ ብለን የመደብነው ርካሽ ዋጋ ከቆጣሪው አልፎ ክፍሉ ድረስ እንዳልገባ እንወቅ።