አደራ ጠባቂ ገበያ ሲወጣ

ባለፈው ሰኔ 28 ቀን ከቀትር በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ከቤቴ በራፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በቢሾፍቱ ካሉት ባንክ ቤቶች በአንደኛው የሚሠራ፥ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ፥ አስተዳደጉ የሚያስመሰግን ልጅ ነው። ገብቶ ቡና ከቀረበለት በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻም ዓይኑን ከሲኒው ሳያነሣ «ጋሼ፥ የጡረታ ገንዘብዎን እስከ ሰኔ ሠላሳ ብቻ አያውጡብኝ፤ በሌላ ባንክ ያለዎትም ካለ ለሁለት ቀን ወደ እኛ ያዛውሩልኝ፤ ሐምሌ ሲገባ መልሰው ይወስዱታል» አለኝ።

ሁለት ቀን የሚያድር ገንዘብ ለባንኩ ምን ይጠቅመዋል ብዬ ብጠይቀው፥ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው በዚያ ቀን ስለ ሆነ ለበላዮቹ የሚታየው በዚያ ሌሊት በመዝገቡ ላይ ያለው ቍጥር ነው አለኝ። ለቅርንጫፉ የተቈረጠ ግብ አለ፤ እርሱም ከሥራ አስኪያጁ እስከ ገንዘብ ከፋዩ ድረስ ለየሠራተኛው ተሸንሽኖ ይታደላል። ግቡን ያልሞላ ሰው የደረጃ ዕድገት በሚታሰብበት ጊዜ ስሙ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ሰኔ በመጣ ቍጥር የባንክ ሠራተኛ የዘመድ ወዳጁን ደጅ ሲጠና ይሰነብታል። እኔም ገንዘቤን አላወጣሁበትም፤ ነገር ግን እርሱ ቡናውን ጠጥቶ ሲሄድ ኀፍረቱ ከእኔ ዘንድ ቀረ።

እንግዲህ ባንክ ምንድን ነው ቢሉ፥ በእኛ ቋንቋ የአደራ ቤት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ሰው ወረቀቱን አላምን ብሎ የማርያ ቴሬዛን ብር ይመርጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ገንዘቡን ለማያውቀው ሰው አስረክቦ በእፎይታ መተኛትን ሕዝባችን የተማረው ብዙ ዘመን ፈጅቶበት ነው።

በተማርሁበት የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት የየተማሪውን ሣንቲም ተቀብላ በደብተር የምትጽፍ አንዲት ሒሳብ ያዥ ነበረች። ገንዘባችንን ስንጠይቃት «ምን ልታደርጉበት ነው?» ትለን ነበር፤ መልሳችን ካላረካት እስከ ማግስቱ ታቆየናለች። አስቀምጡ ብላ ግን አንድ ቀን እንኳ ለምናን አታውቅም። አደራ ጠባቂ ማለት እርሷ ነበረች፤ እኛ ግን አንወዳትም ነበር።

ይህን ስል ያለፈውን ዘመን መመኘቴ አይደለም። ባንኮች በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ ጀምሮ የግል ባንክ እንዲቋቋም የሚፈቅደው ሕግ በ1986 ዓ.ም. እስከ ወጣ ድረስ ደንበኛ ማለት ደጅ ጠኚ ማለት ነበር። የገዛ ገንዘባችንን ለመቀበል ግማሽ ቀን ቆመን እንውላለን፤ ብናጕረመርምም የምንሄድበት ሌላ ቤት አልነበረም። ዛሬ በአገሪቱ ከ30 የማያንሱ ባንኮች አሉ፤ በከተማችን ዋና መንገድ ላይ ከዳቦ ቤት ይልቅ የባንክ ቅርንጫፍ ማግኘት ይቀላል። ሠራተኛው ብድግ ብሎ ይቀበላል፥ ወንበር ያቀርባል፥ ስም ጠርቶ ያነጋግራል። ይህ መልካም ነው። እኔ የምተቸው ብድግ ብሎ መቀበሉን ሳይሆን ከተቀበለ በኋላ የሚናገረውን፥ ይልቁንም የማይናገረውን ነው።

ነገሩ የገለጠልኝ በሐምሌ ወር በእድራችን ስብሰባ ላይ የተነሣው ክርክር ነው። የእድሩ ገንዘብ ያለው ያ የቀድሞ ተማሪዬ በሚሠራበት ባንክ ነው። ሌላ ባንክ ደግሞ ሰዎች ልኮ፥ ገንዘቡን ወደ እነርሱ ብናዛውር፥ አባላቱም ሁሉ ሒሳብ ከፍተን የባንኩን መተግበሪያ በየስልካችን ብናስጭን፥ 100 የፕላስቲክ ወንበር እንደሚሰጠን አስታወቀ። ለእድር ወንበር ምን ማለት እንደ ሆነ ለቅሶ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ ይህን ሰምቶ ገንዘቡ እንዳይሄድበት ለመለመን ከስብሰባው መጣ።

ከአየር ኃይል በጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ «ገንዘቡ የትም ቢቀመጥ ያው ነው፤ ወንበሩ ግን ትርፍ ነው» አሉ። ልጁም «አባባ፥ ወንበሩን የሚሰጡት ስለሚወዷችሁ አይደለም፤ ከበላይ የተሰጣቸውን ቍጥር ለመሙላት ነው» ብሎ መለሰ። በዚህ ጊዜ የአዳን ጤፍ የምትነግድ አንዲት ሴት ሳቀችና «አንተስ በሰኔ ቤቴ የመጣኸው ስለምትወደኝ ነበር? ሦስት ባንክ መጥቶብኛል፤ ሁሉም እኅቴ ይሉኛል፤ ብድር ስጠይቅ ግን አንዱም ወንድሜ አልሆነም» አለችው። ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። ልጁም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ።

ቀጥሎ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ተነሡ። መሬታቸው ለልማት ተወስዶባቸው ካሣ የተቀበሉ ናቸው። ካሣ የተከፈለ ቀን ገበሬው ገና ብሩን ሳያየው የባንክ ሰዎች ከደጁ እንደሚሰለፉ በዚህ አገር የማያውቅ የለም። እኚህንም እናት «ሐርሜ» እያሉ ከቤታቸው መጥተው ገንዘባቸውን በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ለአንድ ዓመት አስቀመጡላቸው። ቅጹ በእንግሊዝኛና በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ እርሳቸው ግን የሚሰሙት ኦሮምኛ ነው፤ ማንበብም አይችሉም። ወለዱ እንደሚበልጥ ተነገራቸው፤ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ፈረሙ። ከአምስት ወር በኋላ ባለቤታቸው ታመሙና ገንዘብ አስፈለገ። ዓመቱ ሳይሞላ ገንዘቡ የማይነካ ስለ መሰላቸው ከአራጣ አበዳሪ ዘንድ ሄዱ፤ ላሞቻቸውን ሸጠው ነው አራጣውን የከፈሉት። እውነቱ ግን በፈለጉ ጊዜ ማውጣት ይችሉ ነበር፤ የሚቀርባቸው ወለዱ ብቻ ነበር። ይህን የነገራቸው የለም። የራሳቸው ገንዘብ ከባንክ ተቀምጦ እርሳቸው በአራጣ ተበደሩ።

«ማን ነበር ያስፈረመዎ?» ሲሉ የእድሩ ዳኛ ጠየቁ። እርሳቸውም አልተናገሩም። ልጁ ግን ቆሞ «እኔ ነኝ። ያን ወር ግቤን ለመሙላት ብዙ ይጐድለኝ ነበር። አልዋሸኋቸውም፤ የጠየቁኝን መልሻለሁ፤ ያልጠየቁኝን አልነገርሁም» አለ።

አንባቢ ሆይ፥ እኔ በዚህ መልስ ላይ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ልጁን ያስተማርሁት እኔ ነኝና፥ አትዋሽ ብዬ ማስተማሬን አስታውሳለሁ፤ ዝም አትበል ብዬ ስለ ማስተማሬ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሻጭና አማካሪ በአንድ መስኮት ላይ ሲቀመጡ ሻጩ አማካሪውን ዝም ያሰኘዋል። ጤፍ ነጋዴዋ ጤፏን ስታወድስ እኔ ነጋዴ መሆኗን ዐውቄ እጠነቀቃለሁ፤ ባንክ ቤት ስገባ ግን ጥንቃቄዬን ከበር ትቼ እገባለሁ፤ የምሄደው ላለመጠንቀቅ ነውና። ያን እምነት ተጠቅሞ መሸጥ ከተራ ንግድ ጋር አንድ ሊቈጠር አይገባም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቍጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ 7 ከፍ ባደረገ ጊዜ ሰባቱን በየግድግዳው ተለጥፎ አነበብነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ንረት በመቶ ከ30 በላይ ሲሆን ግን ገንዘባችሁ እያነሰ ነው ብሎ የነገረን ገንዘብ ከፋይ አላጋጠመኝም። ከብሔራዊ ባንክ በፈረንጆች 2020 ስለ ደንበኞች ጥበቃ የወጣ መመሪያ አለ፤ ይሁን እንጂ መመሪያው ከእኚያ እናት ቤት አልደረሰም፤ ግቡ ግን ደርሷል።

በአሜሪካ ዌልስ ፋርጎ የሚባለው ትልቅ ባንክ ለአንድ ደንበኛ ስምንት ዓይነት አገልግሎት እንዲሸጥ ሠራተኞቹን ይገፋ ነበር። እነርሱም ባለቤቶቹ ሳያውቁ በደንበኞች ስም ሁለት ሚሊዮን ያህል ሒሳብ ከፍተው ሳይሆን አይቀርም ተባለና በፈረንጆች 2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ በ2020 ደግሞ 3 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። የተባረሩት ሠራተኞች 5,300 ያህል ነበሩ። የባንኩ አለቃ ቦታውን የለቀቀው ከእነርሱ በኋላ ነው። እኛም ዘንድ ነገሩ ቢመረመር መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ልጅ ይሆናል፤ ቍጥሩን በወረቀት ላይ የጻፈው ሰው ግን ቢሾፍቱንም አያውቃት ይሆናል።

የባንኮቹም ጭንቀት እውነተኛ ነው። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ካበደሩት ገንዘብ በመቶ 27 የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ስለዚህም ተቀማጭ ፍለጋው ይብስ ጠነከረባቸው። አሁን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ጭንቀቱ ግን በማን ትከሻ ላይ እንደሚወርድ አይተናል።

ደንበኛውም ንጹሕ አይደለም። ብዙ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ባንኮቹን እያጫረተ፥ ከወለዱ በላይ ምን ትጨምሩልኛላችሁ ሲል ሰምቻለሁ። እኛስ? የእድሩ ድምፅ በተሰጠ ጊዜ ብዙኀኑ ለወንበሩ እጃቸውን አወጡ። የእኔም እጅ ከእነርሱ ጋር ወጣ። የእኚያን እናት ታሪክ ከሰማሁ ገና ሰዓት አልሞላኝም ነበር። ወንበሮቹ መጡ፤ በየጀርባቸው የባንኩ ስም ተጽፎባቸዋል፤ ለቅሶ ስንቀመጥ የምንደገፈው እርሱን ነው።

የእናትየዋ ዓመት በሞላ ቀን አብሬያቸው ወደ ባንኩ ሄድሁ። በመስኮቱ ያ ልጅ ነበር። ቅጹን አወጣና ከመጀመሪያው መሥመር ጀምሮ በኦሮምኛ ያነብላቸው ጀመር፤ ቢያወጡት ምን እንደሚሆን፥ ቢያሳድሩት ምን እንደሚሆን፥ በመካከል ቢቸግራቸው ምን እንደሚቀርባቸው ነገራቸው። ከኋላችን ያለው ሰልፍ አጕረመረመ፤ ሥራ አስኪያጁም በመስተዋቱ በኩል ሁለት ጊዜ ተመለከተ። እርሳቸው አልቸኰሉም፤ ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ በኋላ ግማሹን አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።