ማሰርና መፍታት

ማሽላው ሲያፈራ ወፍ የሚጠብቁ ልጆች ከማማ ላይ ይወድቃሉ። ማንጎ ሲደርስ ቅርንጫፉ ከነልጁ ይወርዳል። ባጃጅና ሞተር ሳይክል ግን ወቅት አይመርጡም። ሲሪንቃ ከአዲስ አበባ 508 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች ከተማ ናት፤ አይሱዙውም፣ አህያውም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ተማሪም የሚሄዱት በዚያው በአንዱ መንገድ ነው። ከዚህ አካባቢ ወደምሠራበት ጀሶ ክፍል ከሚመጣው ስብራት ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳኝ የቅልጥም ነው። የጭን ስብራት ከሱ የበለጠ ያስፈራል፣ የክንዱ ከሱ የበለጠ ይበዛል። ቅልጥም ግን በደንብ ታስሮ፣ ታካሚው አመስግኖ ከሄደ በኋላ ሌሊት ላይ ይከዳል።

ማሰር ማንም ሊማረው ይችላል። እኔ ዘመኔን የፈጀሁበት መቼ እንደሚፈታና ምን ያህል እንደሚላላ ማወቁ ላይ ነው።

ነገሩ ከአፈጣጠራችን ይጀምራል። ከጉልበትዎ በታች ፊት ለፊቱን በጣትዎ ቢዳስሱት ከቆዳው ሥር ወዲያው አጥንት ያገኛሉ፤ በመካከሉ ሥጋ የሚባል የለም። ስለዚህ ትልቁ አጥንት ሲሰበር ቆዳውን ቀዶ ለመውጣት አይቸገርም፤ ከረጃጅም አጥንቶች ሁሉ ክፍት ስብራት የሚበዛበት እሱ ነው። ለመዳን ደም የሚያገኘውም በአብዛኛው ከኋላና ከጎን ካለው ጡንቻ ስለሆነ፣ ጡንቻው እያነሰ በሚሄድበት ወደ ቁርጭምጭሚት በተጠጋው ክፍል ስብራቱ ይዘገያል። ጎኑ ያለው ቀጭኑ አጥንት የሰውነትን ክብደት የሚሸከመው በጥቂቱ ነው። ቶሎ ይገጥማል፤ አንዳንዴም ቀድሞ ገጥሞ ትልቁን አላገናኝም ይላል።

ባቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጡንቻዎቹ በማይለጠጥ ሽፋን ተጠቅልለው በ4 ክፍል የተቀመጡ ናቸው። አጥንት ሲሰበር ደም ይፈሳል፣ ሥጋው ያብጣል፤ እብጠቱም በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን እየጨመረ ይሄዳል። መውጫ ሲያጣ የገዛ ደም ሥሮቹን ይጨፈልቃል። 6 ሰዓት ያህል ደም ያጣ ጡንቻ ከዚያ በኋላ ቢፈቱለትም አይመለስም። ተንኮሉ የሚገርም ነው፦ የእግር ትርታ እስከ መጨረሻው ሊመታ ይችላል፣ ጣቶቹም ቀይ ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ። ቀድሞ የሚናገረው ሕመም ነው፤ ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን፣ መድኃኒት የማያበርደው፣ አውራ ጣቱን ቀስ አድርገው ወደ ላይ ሲስቡት የሚያስጮህ ሕመም። የኛ ሰው ደግሞ ችሎ ማደርን ይወዳል። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌም «አብሽር ልጄ፣ ስብራት ያማል፣ ቻለው» ይሉታል። ለሌላ በሽታ ጥሩ ማጽናኛ ነው።

ስለ ወጌሻ ሲነሳ ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ይቆጣሉ። እኔ እጃቸውን አልንቅም። ያለ ራጅ፣ በመዳሰስ ብቻ፣ አጥንት ከአጥንት ያጋጠሙበትን እግር አይቻለሁ፤ አንዳንዱ ከኛው ባላነሰ የቀና ነው። ደግሞም ወጌሻው ጎረቤት ነው፣ ሌሊትም ይመጣል፣ ክፍያውን እስከ መከር ይታገሣል። ጥፋቱ ያለው ማሰሪያው ላይ ነው። በቅቤ ያሻል፣ ሸንበቆውን ይደረድራል፣ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ይጠመጥማል፣ እስከ ሳምንትም እንዳይነካ ያዛል። እብጠቱ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በሳምንቱ ሲፈታ ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ከዚያ በኋላ ሆስፒታል የሚያደርገው መቁረጥ ብቻ ነው። የቀረውን ደሴ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል በሰው ሠራሽ እግር ይጨርሰዋል። በዚህ ጉዳይ ከተጻፈው ሁሉ እኔን የሚያጽናናኝ ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዞቹ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ያወጡት አጭር ጽሑፍ ነው። ወጌሾቹን ከመክሰስ ይልቅ ሰብስበው አስተማሯቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው እግር ቀነሰ።

እኛም ብንሆን ከዚህ ኃጢአት ነጻ አይደለንም። ዙሪያውን የተዘጋ ጀሶ ከሸንበቆ የሚለየው በንጣቱ ብቻ ነው። ትኩስ የቅልጥም ስብራት ላይ ጀሶ ሲታሰር በመጀመሪያ ጥጡ ወፈር ተደርጎ ይጠቀለላል፤ በተለይ ተረከዙና ከጉልበት በታች በጎን ያለችው ጉብታ ላይ፣ ምክንያቱም እዚያ የሚያልፈው ነርቭ ከተጫኑት እግሩ ወደ ላይ አይነሳም። ጀሶው ይጠመጠማል፣ በመዳፍ ይለሰልሳል፤ በጣት ጫፍ የተጫነ ጀሶ ሲደርቅ ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ይቀራልና ጣት አይነካውም። ትንሽ ሲጠነክር ከላይ እስከ ታች ፊት ለፊቱ ይሰነጠቃል። ተለማማጆች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። ጀሶው ተሰንጥቆ ከሥሩ ያለው ጥጥ ሳይቆረጥ ከቀረ ሥራው አልተሠራም፤ ደም የጠጣ ጥጥ ሲደርቅ እንደ ገመድ ያጠብቃል። መቀሱ ቆዳው እስኪታይ፣ እስከ መጨረሻዋ ክር መድረስ አለበት። ከዚያ እግሩ በልብ ትክክል ይቀመጣል። አስታማሚውን ለብቻው ጠርቼ የማስጠናው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌሊት ተነስተህ ጣቱን ሳብ፣ ከጮኸ ነገ አትበል።

አጥንቱ ወደ ውጭ ከወጣ ጀሶ ሁለተኛ ነገር ነው። ቡናና አመድ ሳይነሰነስበት በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በጠፍጣፋ እንጨት ተደግፎ ቶሎ መምጣት አለበት። ጸረ ተሕዋስያኑ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሰጥ ነው የሚያድነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱና በብዙ ውኃ ማጠቡም ይከተላሉ። ወደ ወልድያ መንገዱ አጭር ነው፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ደሴ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ2013 ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ 2014 የሰሜኑ ጦርነት እዚህ በነበረበት ጊዜ ይህ ሁሉ መንገድ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል አይተናል፤ ያኔ የተሰበሩ ቅልጥሞች ዛሬም መግል እያነቡ የሚመጡ አሉ።

ብረት የሚገባለት ዕድለኛ ነው። ዶክተር ሉዊስ ዘርክል የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋሙት ሳይን የተባለው ድርጅት ለድሃ አገር ሆስፒታሎች የሚሰጠው ሚስማር በአጥንቱ ክፍተት ውስጥ ይነዳል፤ የብሎኑን ቀዳዳ የሚጠቁም መሣሪያ ከውጭ ስላለው በቀዶ ሕክምናው መሐል የራጅ ምስል የሚያሳይ ውድ ማሽን አያስፈልገውም። እኛ አገር ጥቁር አንበሳና ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ተጠቅመውበታል። ድርጅቱ በምትኩ የታካሚውን ክትትል ይጠይቃል፤ ከሚላኩት ፎቶዎች አንዱ ታካሚው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ያለበት ነው። ይህን ሳውቅ ሳቅሁ፤ ምክንያቱም የኛ የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ዳነ የሚባለው መቼ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም።

ጀሶ ለታሰረለት ሁለተኛው መፍቻ ከሳምንታት በኋላ ይመጣል፤ በዚህኛው ደግሞ የምንፈራው እኛ ነን። ከጭን እስከ ጣት የታሰረውን ለወራት እንዳይረግጥ ብለን ስንሰደው ባቱ ይከሳል፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ይደርቃል። አውጉስቶ ሳርሚየንቶ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ጽሑፍ ከጉልበት በታች ብቻ የሚታሰር ጀሶ አሳዩ፤ በጉልበቱ ሎሚ ሥር ባለው ጅማት ላይ ተቀርጾ ታካሚው እየረገጠ እንዲሄድ የሚያደርግ። ልኩን የጠበቀ መርገጥ አጥንቱን ያበረታዋል። ልኩን ለማስተማር የምጠቀመው ተራ የሰው ሚዛን ነው። ጤነኛው እግር መሬት፣ የተሰበረው ሚዛን ላይ፦ «20 ኪሎ እስኪል ተጫን። ያ ነው የዚህ ሳምንት ድርሻህ።» ዓይን ሳያይ ደጋግሞ እስኪያገኘው እንለማመዳለን። ክራንቹ ከብብት በታች ሁለት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ይላል፤ ክብደቱን የሚይዘው መዳፍ ነው እንጂ ብብት አይደለም። ዳገት ላይ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ቁልቁለት ላይ ክራንቹና የተሰበረው። ተራራ ላይ ለሚኖር ሰው ይህች ምክር ከመድኃኒት ትበልጣለች።

ምግቡን ለቤተሰቡ እተዋለሁ፤ የአብሽ ወተቱን፣ የቅልጥም መረቁን፣ ፌጦውን ያውቁበታል። የምጨቃጨቀው በጾም ነው። ቄሱም ሼኁም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው ሲሉ ታካሚው ብቻ እምቢ ይላል። ያኔ ሽሮውንና ምስሩን አብዛ እላለሁ። ሲጋራ ላይ ግን አልደራደርም፤ የአጥንቱን መግጠም ያጓትታል።

ለጤነኛ ጎልማሳ ከ3 እስከ 5 ወር፣ ለልጅ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ራጁ ገጠመ ሲል ታካሚው ይፈነድቃል፤ እኔ ግን የበሩን መቃን ይዞ ቁጢጥ እንዲል እጠይቀዋለሁ። ተረከዙ ከመሬት ይነሳል። በዚያ እግር ሽንት ቤት መቀመጥ፣ አጎንብሶ ማረም፣ ለሶላትም ሆነ ለስግደት ወርዶ መነሳት አይቻልም። ስለዚህ እንደገና ይጀመራል፦ ፎጣ በእግር መዳፍ አልፎ ወደ ራስ መሳብ፣ ግድግዳ ተደግፎ ባቱን መወጠር፣ ጠዋትና ማታ። አሰልቺ ነው፤ ግማሾቹ ይተዉታል። የተዉት በመከር ወቅት እያነከሱ ይመለሳሉ፤ እኔም ሳልቆጣ ፎጣውን አቀብላቸዋለሁ።

ብረት የገባላቸው ደግሞ ሁሉም አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ብረት መቼ ይወጣልኝ?» ብርድ ይስባል ብለው ይሰጋሉ፣ ጎረቤትም ያስፈራራቸዋል። ካልቆረቆረ፣ መግል ካላመጣ፣ ብሎኑ ቆዳውን ካልገፋ ማውጣት ግድ አይደለም እላቸዋለሁ። እሱን ለማውጣት ሲባል ዳግመኛ ሆድን ባር ባር የሚያሰኝ ቀዶ ሕክምና ውስጥ መግባት፣ ለጥቂት ሳምንታትም ከእርሻ መቅረት አለ። አንዳንዱ ያምነኛል። ሌላው ወልድያ ወርዶ ሌላ ሐኪም ይጠይቃል።