ዝም ማሰኘት ማጥፋት አይደለም፦ ስለ ጥቃቅን አርኤንኤዎች አገላለጽ የቀረበ ትችት

አንድሪው ፋየርና ክሬግ ሜሎ ባለ ሁለት ዘንግ አርኤንኤ የአንድን ጂን ሥራ ሊያስቆም እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1998 በጥቃቅን ትሎች ላይ አሳይተው፣ በ2006 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ታላቅ ግኝት ሲተረክ ግን ሁለት አሳሳች አነጋገሮች ሊታረሙ ይገባል።

የመጀመሪያው «ጂንን ማጥፋት» የሚለው ነው። ዳይሰር የተባለው ኢንዛይም ረጅሙን አርኤንኤ 21 ያህል ኑክሊዮታይድ ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል። ከዘንጎቹ አንዱ አርጎኖት ከተባለው ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ አቻውን መልእክተኛ አርኤንኤ ያስቆርጣል። የሚቆረጠው መልእክቱ እንጂ ጂኑ አይደለም፤ ደብዳቤው ቢቀደድ ጸሐፊው አልሞተም።

ሁለተኛው፣ ጥቃቅን አርኤንኤ ሁልጊዜ የቫይረስ ጠላት ነው የሚለው ነው። በዕፀዋትና በነፍሳት ዘንድ በእርግጥ ዐቢይ መከላከያ ነው። በሰው ጉበት ውስጥ ግን ማይክሮ አርኤንኤ-122 የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስን መባዛት እንደሚያግዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ታውቋል። ይህንኑ ሞለኪውል የሚያግደው ሚራቪርሰን በ2013 በታተመ ጥናት የቫይረሱን መጠን ቢቀንስም፣ መርፌው ከቆመ በኋላ ቫይረሱ በአብዛኞቹ ታካሚዎች ተመልሷል።

ለአዲስ አበባ ባለሙያ ጉዳዩ ይበልጥ የሚቀርበው በሄፓታይተስ ቢ በኩል ነው። የዚህ ቫይረስ ክብ ዲኤንኤ በጉበት ሴል ኒውክሊየስ ውስጥ ይኖራል፤ መልእክቱን መቁረጥ እርሱን አይነካውም። ኤአርሲ-520 በተባለው መድኃኒት ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት ደግሞ ሌላ እንቅፋት አሳይቷል። ከሰው ክሮሞሶም ጋር ከተዋሐደው የቫይረስ ዲኤንኤ የሚወጣው መልእክት መድኃኒቱ የሚፈልገውን ቦታ ስለማይዝ፣ በአንዳንድ ታካሚዎች የሰርፌስ አንቲጂን መመረት አልተገታም።

ከአራዳ ጋር በሚዋሰነው ጉለሌ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው የሕክምና መርሐ ግብር የተሰጠው ቴኖፎቪርም፣ አሠራሩ ሌላ ቢሆንም፣ ክቡን ዲኤንኤ አያስወግድም። እንግዲህ በፒያሳ ክሊኒክ የደም ውጤቱን የሚጠብቅ ታካሚ «ቫይረሱ አይታይም» ሲባል «ጠፍቷል» ብሎ ቢረዳ፣ ክኒኑን በራሱ ፈቃድ ሊያቆም ይችላል። ቫይረሱም ሊያገረሽ፣ ጉበቱም ለከባድ ብግነት ሊጋለጥ ነው።

ስለዚህ የጤና ባለሙያው በትምህርትም ሆነ በምክር ጊዜ «ዝም ማሰኘት» የሚለውን ቃል ቢመርጥ ይበጃል፤ ዝም ያለ መልሶ ሊናገር ይችላልና።