ያላየነው የመምህር ሥራ

ነርስ ሊሆን ኮሌጅ የገባ ሰው መርፌ መውጋትን የሚጀምረው እዚያው ነው። መምህር ሊሆን የገባው ግን ሥራውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ ኖሯል። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ መምህርነት ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ 13,000 ሰዓት ያህል ከመምህራን ጋር እንደሚያሳልፍ ገምቶ ነበር። ችግሩ ይህን ሁሉ ሰዓት የሚያየው ከዴስክ ላይ ሆኖ መሆኑ ነው። መምህሩ የሚያደርገውን ያያል፤ ለምን እንደሚያደርገው አያይም። ማታ ዕቅድ ሲያወጣ፣ አንዱን ምሳሌ ጥሎ ሌላውን ሲመርጥ፣ ትምህርቱ አልገባው ያለውን ልጅ እያሰበ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማን አየው?

ይህ በደንብ የታየኝ የማስተማር ልምምድ ስንጀምር ነው። ኮሌጅ የተማርነውን ዘዴ ሁሉ ዕቅዳችን ላይ አስፍረን እንገባለን፤ ክፍሉ ሲሞቅ ግን ከአፋችን የሚወጣው የድሮ መምህሮቻችን ቃል ነው። «ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!» ክፍሉ በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ። ይህን ጥያቄ ያስተማረን ሞጁል የለም። ያልገባው ልጅም አብሮ ስለሚጮህ ጠያቂው ከጥያቄው የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ሆኖም ከትውልድ ትውልድ እየተሻገረ እኛ ዘንድ ደርሷል።

ስለዚህ የድሮ መምህሮቼን አንድ በአንድ እያስታወስኩ እንደ አዲስ መመልከት ጀመርኩ። ብዙ ያሳሰቡኝ የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን ናቸው። ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ወደ ሰሌዳው ዞረው ዳስተር ያነሱና ይጠርጋሉ። ሰሌዳው ንጹሕ ቢሆንም ይጠርጋሉ። እኛ ጽዳት የሚወዱ ሰው አድርገን ይዘናቸው ነበር። ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ስለ ሜሪ በድ ሮው ጥናት አነበብኩ። ይህች የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጣቻቸው ጽሑፎች፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ዝምታው ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝም የሚሉት ይቀንሳሉ፤ ቀድሞ የማይሳተፉትም መናገር ይጀምራሉ።

ወዲያው የመምህሬ ዳስተር ትዝ አለኝ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «የምን ጥናት! ፊታችሁን እያየሁ ከቆምኩ አንጀቴ አይችልም፤ መልሱን እነግራችኋለሁ። ለዚህ ነው ጀርባዬን የምሰጣችሁ» አሉኝ።

እኔ ለተማሪ የተሰጠ ጊዜ ነው ብዬ የሄድኩበት ነገር ለእርሳቸው የራሳቸው ልጓም ነበር። ይህን ባልጠይቅ ዳስተሩን ብቻ ወርሼ እቀር ነበር። ለጀማሪ ደግሞ ለክፍል ጀርባ መስጠት አያዋጣም፤ የኋላው ረድፍ ወዲያው ገበያ ይሆናል። እኔ ጠይቄ በዴስኮቹ መካከል ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ ዓይኔን ደብተራቸው ላይ ጥዬ አፌን እይዛለሁ።

አርጩሜ ይዘው የሚገቡ የአማርኛ መምህርም ነበሩን። የዚያን ጊዜ ጓደኞቼ ሲያነሷቸው «ሰው ያደረጉን እሳቸው ናቸው» ይላሉ። ይሁን። ግን የቃል ጽሕፈት በሰጡ ማግስት ደብተራችን ታርሞ ጠረጴዛቸው ላይ ተደርድሮ ይጠብቀን ነበር፤ ያበላሸነው ፊደል ሁሉ በቀይ ተከቦ፣ ትክክለኛው ከጎኑ ተጽፎ። የሁላችንም ደብተር፣ በአንድ ሌሊት። ልጅ የሚያስታውሰው ያመመውን ነውና ምስጋናውን አርጩሜው ወሰደው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ እሱ ባይኖርም ከእሳቸው የምወስደው ቀዩን እስክሪብቶ ነው። እውነት ለመናገር ከአርጩሜው ይልቅ ለያዡ የሚከብደው እሱ ነው።

የመምህሩን ያልታየ ሥራ በማሳየት የቄስ ትምህርት ቤት ይቀድመናል። ፊደል የለየ ልጅ ታናሹን ያስቆጥራል፤ የኔታም አጠገባቸው ሆነው ይሰማሉ። ልጁ ተማሪነቱ ሳያልቅ ነገሩን ከመምህሩ ወገን ማየት ይጀምራል። የእኛ ልምምድም በትክክል ከተሠራበት ከዚህ የራቀ አይደለም። የምንይዘው የምልከታ ቅጽ ግን መምህሩ በሰሌዳ ተጠቅሟል ወይስ አልተጠቀመም ብሎ ያበቃል። እኔና ጓደኞቼ በኅዳጉ «ለምን?» እያልን መጻፍ ጀምረናል፤ በእረፍት ሰዓት መምህሩን ራሱን እንጠይቀዋለን። አንዳንዶቹ ይደነግጣሉ፤ ልንገመግማቸው የመጣን ይመስላቸዋል። ሲረጋጉ ግን ለወሬ ማቆሚያ የላቸውም።

አብሮኝ የሚለማመድ አንድ ጓደኛዬ «ገባችሁ?»ን አልተውም ብሏል። የሚያስተምረው በከሰዓት ፈረቃ ነው፤ ልጆቹ ምሳ በልተው በፀሐይ ተጉዘው ሲገቡ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። «እሱ ለመቀስቀሻ ነው፤ መግባት አለመግባቱንማ ደብተራቸው ይነግረኛል» ይላል። እንዲህ ከሆነ የምከራከረው የለኝም። ክፍሉ ገብቼም አይቼዋለሁ፤ ጠየቀ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ እሱ ጩኸቱ ሳያልቅ የመጨረሻው ዴስክ ጋ ደርሶ ደብተር ይሰበስብ ነበር።